«እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ» ብዬ የሰጠሁት ክኒን ጓደኛዬን ሊገድለው ነበር!

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ይላሉ ወላጆቻችን። ይህ ተረት ለማን እንደተተረተ ብትጠይቁኝ፣ ያለ አንዳች ማመንታት «ለእኛ ለሕክምና ተማሪዎች ነው» እላችኋለሁ። ዛሬ እኔ ሐኪም ነኝ። ነጭ ጋዋን ለብሼ፣ ማዳመጫዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ «ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት አትውሰዱ» እያልኩ ሰው እመክራለሁ። ታማሚዎቼም አንገታቸውን ሰበር አድርገው «እሺ ዶክተር» ይሉኛል። ጉዴን ቢያውቁ ምን እንደሚሉኝ እንጃ!

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የምጽፈው ንስሐ ለመግባት ብቻ አይደለም። ዛሬም በየዶርሙ ነገ ለሚፈተነው ፈተና ልቡ እየዘለለበት፣ ከጓደኛው እጅ አንዲት ክኒን ተቀብሎ ሊውጥ የተዘጋጀ ተማሪ እንዳለ ስለማውቅ ነው። ያ ተማሪ የእናንተ ልጅ፣ ወንድም ወይም እህት ሊሆን ይችላል። እስቲ ታሪኬን ልንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

የራሴን ደም ሥር የቆጠርኩ ዕለት

የጽሑፍ ፈተና ብዙም አያስጨንቀኝም ነበር። የቃል ፈተና ሲሆን ግን አለቀልኝ! አስቡት፤ አንድ ታማሚ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ሦስት መምህራን ከራስጌው ቆመዋል፤ «በል እንግዲህ መርምረህ ያገኘኸውን ንገረን» ይሏችኋል። ያን ጊዜ አፌ ኩበት ይሆናል። ልቤ እንደ ከበሮ ይደልቃል። ጣቶቼማ ተዉት፣ የቅጠል ያህል ይርገፈገፋሉ።

አንድ ቀን የአንድ አዛውንት እጅ ይዤ የልብ ምታቸውን ቆጠርኩና «120 ነው» ብዬ በልበ ሙሉነት ተናገርኩ። መምህሩ ፈገግ ብለው እጃቸውን ያዙና ራሳቸው ቆጠሩ። 76! ለካስ እኔ ስቆጥር የነበረው በራሴ ጣት ጫፍ ላይ የሚዘለውን የገዛ ራሴን ደም ሥር ኖሯል። የባች ጓደኞቼ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «አይዞህ ልጄ» ብለው እጄን ጠበቅ አድርገው ያዙኝ። ታማሚው ሐኪሙን ሲያጽናና አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በዚያ ላይ የቤተሰብ ነገር አለ። እናቴ ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ጀምራ «ዶክተርዬ» ነበር የምትለኝ። ክረምት ስመለስ ሰፈርተኛው ተራ በተራ እየመጣ ጉልበቱንና ወገቡን ያሳየኛል። እኔ ገና የአጥንት ስም እየሸመደድኩ ነው'ኮ! ታዲያ እንዲህ የተባለ ልጅ «ወድቄ መጣሁ» ብሎ በየትኛው በር ቤቱ ይገባል?

«ሞኝ አትሁን፣ ሁሉም ይወስዳል»

መፍትሔውን የነገረኝ አንድ ሲኒየር ነው። «አንተ፣ ምን ያንቀጠቅጥሃል? ከመግባትህ በፊት ኢንደራል ዋጥ አድርግ። ሞኝ አትሁን፣ ሁሉም ይወስዳል» አለኝ።

ኢንደራል የሚለው ስም የፕሮፕራኖሎል የገበያ ስሙ ነው። ጄምስ ብላክ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተመራማሪ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለልብ ሕሙማን ብሎ የሠራው መድኃኒት ነው። ሰውየው በ1988 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲሸለም ከተመሰገነባቸው ሥራዎች አንዱ ይኸው ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ስንደነግጥ ሰውነታችን አድሬናሊን የሚባል ቅመም ይረጫል። አድሬናሊኑ ልብ ላይ ያሉትን በሮች እያንኳኳ «ሩጥ! ሩጥ!» ይለዋል። ፕሮፕራኖሎል እነዚያን በሮች ይዘጋል። ልብ ጥሪውን አይሰማም፤ እጅም አይንቀጠቀጥም።

ከአንድ መድኃኒት ቤት ገዛሁ። ጋዋኔን ክንዴ ላይ ጣል አድርጌ ነበርና ማዘዣ የጠየቀኝ የለም። በሚቀጥለው ፈተና ዕለት አንዷን ዋጥኩ። እናንተዬ፣ ተአምር ነው የሆነው! እጄ ድንጋይ ሆነ። ጥያቄውን መለስኩ፤ አለፍኩ። ማታ ዶርም ውስጥ እንደ ጀግና ተወራልኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ያለፍኩት ለሦስት ሳምንት ሌት ተቀን ስላጠናሁ ነበር። እኔ ግን ምስጋናውን ለክኒኗ ሰጠሁ። ከዚያ ወዲያ ያለ እሷ ፈተና መግባት ያለ ሱሪ አደባባይ የመውጣት ያህል ሆነብኝ። ምን አለፋችሁ፣ ራሴን ማመን አቆምኩ።

ብቻዬን አልነበርኩም። ቀስ በቀስ ስሰማ ግቢው ለካስ በየአልጋው ሥር መድኃኒት ቤት ኖሮታል! አንዱ ጫቱን ሲቅም ያድርና ምርቃናውን ለመስበር በመጠጥ ያወራርዳል፤ ጨብሲ መሆኑ ነው። አንዷ ደግሞ እንቅልፍ እንዲወስዳት ዳያዜፓም ትውጥ ነበር፤ ያ ድሮ ቫሊየም እየተባለ የሚታወቀው። አንድ ቀን ከፈተና ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። «ማታ ያነበብኩት ምዕራፍ መጣ። ደብተሬ ላይ ያሰመርኩት እኔ ነኝ፣ ጠርዙ ላይ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ማንበቤን ግን አላስታውስም!» አለችኝ። ክኒኗን ከዋጠች በኋላ እስኪወስዳት ድረስ ስታነብ ቆይታ ነበር። ዳያዜፓም አዲስ ነገር አእምሮ ውስጥ እንዳይቀረጽ እንደሚያደርግ ፋርማኮሎጂ ላይ ሁለታችንም ተምረናል። ተፈትነንበትማ አልፈናል!

ያቺ ጠዋት

ጊዜው 2006 ዓ.ም. ነው። የውስጥ ደዌ ሕክምና ማጠቃለያ ፈተና፣ ሎንግ ኬዝ የሚባለው። ተማሪው አንድ ታማሚ ይሰጠዋል፤ ታሪኩን ይጠይቃል፣ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ይመረምራል፤ ከዚያ መምህራኑ ፊት ያቀርባል። የወደቀበት ደግሞ ኮርሱን ሊደግም ይችላል።

የዶርም ጓደኛዬ ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። የገበሬ ልጅ ነው። ለቤቱ የመጀመሪያው ተማሪ ነው። ከእኔ ይልቅ ጎበዝ ነበር፤ ሲጨንቀው ግን ምላሱ ይታሰራል። ጠዋት ገና ፊታችንን ሳንታጠብ «እስቲ ከዚያች ነገር አንድ ስጠኝ» አለኝ። ወዲያውኑ ከትራሴ ሥር አውጥቼ ሰጠሁት። «አይዞህ፣ ምንም አትልም» አልኩት። አንዲት ጥያቄ አልጠየቅሁትም።

አንዲት ጥያቄ ብቻ! «አስም አለብህ ወይ?»

ነበረበት። ከልጅነቱ ጀምሮ ነበረበት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል አድረናል፤ ሌሊት ሲያስለው «ብርድ መታኝ» ነበር የሚለኝ። ፓፉን፣ ያንን በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት፣ ሽንት ቤት ገብቶ በሩን ዘግቶ ነበር የሚስበው። ትምህርት ቤት ሳለ «ሳላም» እያሉ ያሾፉበት ነበርና ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ማንም እንዳያውቅበት ቆርጦ ነበር የመጣው። ፕሮፕራኖሎል አስም ላለበት ሰው እንደማይሰጥ እሱም ቢሆን በመጽሐፍ አንብቦታል። ግን በጭንቀት ውስጥ ያለ ሰው መጽሐፍ መቼ ያስታውሳል? ደግሞም እኔ በኢንደራል ስም ነበር የምጠራት።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ይሆናል። ተራዬን እየጠበቅሁ ኮሪደር ላይ ቆሜአለሁ። ከዋርዱ ውስጥ ግርግር ሰማሁ። በሩ ተበረገደ። ጓደኛዬን ሁለት ሰዎች ደግፈውት ወጡ። ከንፈሩ ጠቁሯል። ደረቱ ሲር ሲር ይላል፤ ለመተንፈስ አንገቱን ወደ ፊት አስግጎ ትከሻው ይነሣል ይወድቃል። ዓይኑ እኔ ላይ ሲያርፍ ልቤ ቀጥ አለች። የዚያን ቀን እኔም ክኒኗን ወስጄ ነበርና እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጓደኛዬ ፊቴ ላይ እየታፈነ የእኔ እጅ ግን ጸጥ ብሎ ነበር።

ድንገተኛ ክፍል አስገቡት። ኦክሲጅን ተደረገለት። ሳልቡታሞል ተሰጠው፤ የተዘጋ የሳንባ ቧንቧ የሚከፍተው መድኃኒት ነው። አልሠራም። ደገሙት። አሁንም እምብዛም! ሬዚደንቱ ግራ ገባው። ዞር ብሎ «ዛሬ የወሰደው መድኃኒት አለ? የሚያውቀው ሰው አለ?» አለ።

እኔ አጠገቡ ቆሜአለሁ። አፌን አልከፈትኩም።

ውድ አንባቢያን፣ ከታሪኩ ሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው። ክኒኗን መስጠቴ ስንፍና ነው ልትሉኝ ትችላላችሁ። ዝምታዬ ግን ሌላ ነው። በዚያች ቅጽበት በሐሳቤ የመጣው የጓደኛዬ ነፍስ አልነበረም። «ከግቢ ያባርሩኛል» የሚለው ነው። «ዶክተርዬ» የምትለኝ እናቴ ናት የመጣችብኝ። ስንት ደቂቃ ዝም እንዳልኩ አላውቅም። ሦስት ይሁን አምስት፣ ለእኔ ግን ዓመት ነው።

ያዳነችው የአንዲት አንጋፋ ሲስተር ቃል ናት። ክንዴን ያዝ አደረጉኝና ዝግ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ጓደኛህ አይደለም እንዴ? የምታውቀው ነገር ካለ ተናገር። ቁጣው ይደረስበታል፣ ሞት ግን አይመለስም» አሉኝ። ያን ጊዜ «ፕሮፕራኖሎል ነው፤ እኔ ነኝ የሰጠሁት» ስል ድምፄን የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ሬዚደንቱ አልጮኸብኝም። አንድ ጊዜ ብቻ አየኝና ሕክምናውን ለወጠ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሳልቡታሞል የሳንባን ቧንቧ የሚከፍተው በአንድ በር ገብቶ ነው። ያንን በር የእኔ ክኒን ቀድማ ዘግታው ነበር። ስለዚህ በሌላ መንገድ የሚሠራ መድኃኒት ያስፈልግ ነበር። አሚኖፊሊን በደም ሥሩ ተሰጠው። ቀደም ብሎ የተሰጠው ሃይድሮኮርቲሶንም ቀስ በቀስ ሥራውን ጀመረ። ማምሻውን አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር ቻለ። «ፈተናው እንዴት ሆነ?» ነበር ያለው። አይ የሕክምና ተማሪ!

የእናቱ መሳም

በማግስቱ እናቱ ከገጠር መጡ። አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ እጄን ይዘው ጉንጬን እያገላበጡ ሳሙኝ። «አንተ ነህ አሉ ያዋለድከው! ባትናገርለት ኖሮ ልጄ አልቆ ነበር አሉኝ። እድግ በልልኝ፣ ከክፉ ይሰውርህ» አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ምን እንደሰጠሁት የነገራቸው የለም፤ ጓደኛዬም እንዳልነግራቸው በዓይኑ ለመነኝ።

እኔን ከግቢ አላባረሩኝም። ጽኑ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። ጓደኛዬ ፈተናውን ከዳነ በኋላ ያለ ክኒን ተፈተነ፤ ምላሱ እየተያያዘም ቢሆን አለፈ። ዛሬ እሱም ሐኪም ነው፤ ይህን ጽሑፍም አንብቦ «ይውጣ» ብሎኛል። አንድ ጊዜ ሳዝን አይቶኝ «የሰጠኸኝ አንተ፣ የደበቅሁህ እኔ። እኩል ነን» አለኝ።

እኩል አይደለንም! እሱ ያን ዕለት ታማሚ ነበር። ታማሚ ያፍራል፣ ይደብቃል፣ ይረሳል። ለዚህ ነው ሐኪም «ሌላ ሕመም አለብህ ወይ? ሌላ መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው። እኔ መድኃኒት የሰጠሁ ጊዜ ሐኪም ሆኛለሁ ማለት ነው፤ የሐኪምን ጥያቄ ግን አልጠየቅሁም። እንግዳ ሰው ቢሆን እጠይቀው ነበር። ለጓደኛ፣ ከዚያም በላይ ለራስ ሲሆን ግን ጥያቄው ይቀራል። ራስን በራስ ማከም አደጋው እዚህ ላይ ነው። ጠያቂ የለበትም።

ለምን እንደብቃለን?

በ2016 እ.ኤ.አ. ከ43 አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶችን ደምሮ ያየ አንድ ሰፊ ሥራ ታትሞ ነበር። ከሕክምና ተማሪዎች መካከል 27.2 በመቶ ያህሉ የድብርት ምልክት እንደሚታይባቸው አሳይቷል። ምልክቱ ከታየባቸው ውስጥ ግን የአእምሮ ሕክምና የፈለጉት 15.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሐኪም አጠገባቸው እያለ!

እኛ አገር ምክንያቱ ግልጽ ነው። «አማኑኤል ሲገባ ታየ» መባል ይፈራል። ለነገ ሐኪም ደግሞ ይብሳል። ምክር ሊሰጡት የሚችሉት ሰዎች መምህሮቹ ናቸው፤ መምህሮቹ ደግሞ ፈታኞቹ ናቸው። ታዲያ ለማን ይናገር? ክኒኗ ግን ምስጢር ጠባቂ ናት፤ አታወራበትም።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ከመድኃኒቶቹ ልጀምር። ፕሮፕራኖሎል መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ ለፍርሃትም ሐኪም መርምሮ የሚያዝበት ጊዜ አለ። ነገር ግን አስም ላለበት፣ የልብ ምቱ ቀድሞውኑ ዝግ ላለ፣ የደም ግፊቱ ዝቅ ላለ ሰው አደገኛ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ስኳሩ ሲወርድ የሚያስጠነቅቁትን የእጅ መንቀጥቀጥና የልብ መምታት ይደብቅበታል። ዳያዜፓም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ማታ የተዋጠው በማግስቱም አብሮ ፈተና ይገባል። ከመጠጥ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ እስከማቆም ሊያደርስ ይችላል። ለረጅም ጊዜ የለመደ ሰው በድንገት ቢያቆመውም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ስለሚችል፣ መተው ያለበት ቀስ በቀስ በሐኪም ክትትል ነው። ጫት ደግሞ ልብን የሚያስሮጥ ካቲኖን የሚባል ቅመም አለው፤ እንቅልፍን ይነሣል። እንቅልፍ የተነሣ አእምሮ ያጠናውን አያስቀምጥም። የሚያነቡ ይመስላችኋል እንጂ በወንፊት ውኃ እየቀዱ ነው።

ሁለተኛ፣ ፍርሃት ሁሉ ጠላት አይደለም። ገና በ1908 እ.ኤ.አ. የርክስና ዶድሰን የተባሉ አሜሪካውያን በአይጦች ላይ ሞክረው የደረሱበት ነገር አለ። ለከባድ ሥራ መጠነኛ መነቃቃት ይረዳል፤ ከልክ ሲያልፍ ነው የሚያበላሸው። ትንሽ ልብ ከመታችሁ «ታመምኩ» አትበሉ።

ሦስተኛ፣ የቃል ፈተናን መድኃኒቱ ልምምድ ነው። ጓደኞቻችሁን አስቀምጡና ፈታኝ አድርጓቸው። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አቅርቡ። ይሳቁባችሁ! አሥር ጊዜ የተሳቀበት ሰው አሥራ አንደኛው ላይ አይንቀጠቀጥም። እኔ ከዚያ በኋላ በዚህ ነው ያለፍኩት።

አራተኛ፣ በሩ ላይ ስትቆሙ በአፍንጫችሁ እስከ አራት እየቆጠራችሁ ሳቡ፤ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ለጥቂት ደቂቃ ደጋግሙት። ቀላል ይመስላል፤ ልብን ግን ዝግ ያደርጋል።

አምስተኛ፣ ፍርሃቱ እንቅልፍ ከነሣችሁ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ ወይም መኖር ካስጠላችሁ የፈተና ነገር አልፏል። የሚፈትናችሁ መምህር ያልሆነ ሐኪም ፈልጉና ተናገሩ። የንግግር ሕክምና ለዚህ ዓይነቱ ጭንቀት ይረዳል። ሄዶ መታከም ዕብደት አይደለም።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። «ዶክተርዬ» ማለቱን ተዉ አልልም፤ እናቴም እስከ ዛሬ አልተወችም። ነገር ግን ልጃችሁ ስልክ ሲደውል «ፈተና እንዴት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «እንቅልፍህ እንዴት ነው?» በሉት። ለመምህራንም እንዲሁ፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ተማሪ ስታዩ ያ ሽማግሌ ታማሚ ያሉኝን «አይዞህ ልጄ» በሉት። ምንም አይጎድልባችሁም።

ተማሪዎች ሆይ፣ ዛሬ ማታ አንዱ ጓደኛችሁ «እስቲ ከዚያች ነገር አንድ ስጠኝ» ቢላችሁ እጃችሁን ወደ ትራሳችሁ አትስደዱ። «ምን ሆነህ ነው?» ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። የሚጠጣ ነገር ካስፈለገ ሻይ አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? የደበቀውን የሚያወጣው ግን የሚጠይቅ ጓደኛ ሲያገኝ ነው። እኔ አልጠየቅሁም ነበር።